የሕፃናት የደም ካንሰር ታሪክ ከአስታማሚው ወንበር ሲታይ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



እኔ የታሪክ መምህር እንጂ ሐኪም አለመሆኔን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል። ከዚህ ቀደም በዚሁ አዳራሽ ስለ ፈንጣጣ መጥፋት በተናገርሁ ጊዜ፣ ከንግግሩ በኋላ ሁለት ሰዎች የምርመራ ውጤታቸውን አውጥተው አሳይተውኛል። (ሳቅ) ዛሬም የምናገረው ስለ በሽታ ይሁን እንጂ የማቀርበው ማስረጃ የታሪክ ማስረጃ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ርእሰ ነገሬ ሕፃናትን የሚያጠቃው የደም ካንሰር ነው፤ ሐኪሞች ሉኪሚያ ይሉታል። ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው እንደ ድል ታሪክ ነው፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። በ1947 ድንገተኛው ሉኪሚያ የያዘው ሕፃን ከሳምንታት ወይም ከጥቂት ወራት በላይ አይቆይም ነበር። ዛሬ በበለጸጉት አገሮች፣ በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው አኩት ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ ከሚይዛቸው ዐሥር ልጆች ዘጠኙ ገደማ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይህን ያህል መንገድ የተጓዘ የካንሰር ሕክምና ጥቂት ነው።

የዚህ ድል ባለቤቶች እነማን ናቸው ሲባል የሐኪሞችና የመድኃኒቶች ስም ይጠራል። እኔ ዛሬ ስማቸው የማይጠራውን ሁለት ሰዎች ወደ መድረኩ ላመጣ እሻለሁ፤ አልጋው ላይ የተኛውን ልጅና ከአልጋው ጎን ወንበር ላይ የተቀመጠውን አስታማሚ። ጋዜጦች እነዚህን ልጆች «ትንንሽ ጀግኖች» ማለት ይወዳሉ። በዚህ ቃል ላይ ጥርጣሬ አለኝ። ዘማች ቢያንስ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። በአራት ሰዎች እጅ ተይዞ መርፌ አከርካሪው ውስጥ የሚገባበት የሦስት ዓመት ሕፃን ግን ምንም አልመረጠም፤ የተጠየቀም የለም። ታዲያ ጽናት ወይም ድፍረት የምንለው ነገር በዚህ ታሪክ ውስጥ የት ይገኛል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው ሰነዶቹን እንደገና ማንበብ የጀመርሁት።

የበሽታውን ስያሜ ባጭሩ ልለፈው። በ1845 በኤዲንብራ ጆን ሂዩዝ ቤኔት፣ በበርሊን ደግሞ ሩዶልፍ ፊርሆ ተቀራራቢ የሆነ ነገር ገለጹ፤ ከሞቱ ሕሙማን ደም ውስጥ ያለ ልክ የበዛ ነጭ ነገር። ከሁለት ዓመት በኋላ ፊርሆ ከግሪክኛ «ነጭ» እና «ደም» ከሚሉት ቃላት ሉኪሚያ የሚለውን ስም አወጣለት። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ሐኪሞች በሽታውን መሰየም፣ በማይክሮስኮፕ ማየትና መቍጠር ቻሉ፤ ማዳን ግን አልቻሉም። መቅኔው ያልበሰሉ ነጭ ሕዋሳትን ያለ ማቋረጥ ያመርታል፤ እነርሱም ጤናማዎቹን ያጨናንቃሉ። ልጁ ይገረጣል፣ ያተኩሰዋል፣ ሳይመታ ሰውነቱ ይበልዛል፣ አጥንቱን ያመዋል። አስቀድማ የምታየውም ብዙ ጊዜ እናት ናት፤ ሮጦ የማይጠግብ ልጅ ድንገት «እዘይኝ» ማለት ሲጀምር።

አሁን ወደ ቦስተን እንሂድ። ሲድኒ ፋርበር በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል የሥነ ደዌ ሐኪም፣ ማለትም በአመዛኙ ሙታንን የሚመረምር ሰው ነበር። በዚያ ዘመን ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን የብዙዎችን ዓይን ስቦ ነበር። መነሻው ሕንድ ነው፤ እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሉሲ ዊልስ በቦምቤይ የነፍሰ ጡሮችን ደም ማነስ ስታጠና፣ ከእርሾ የሚገኝ አንድ ንጥረ ነገር በሽታውን እንደሚያሽል ደርሳበት ነበር። ደም ለመሥራት የሚረዳ ከሆነ ለሉኪሚያም ይጠቅም ይሆናል ብሎ ፋርበር ንጥረ ነገሩን ለታመሙ ሕፃናት ሰጠ። በሽታው ባሰ። ካንሰሩ የተቀለበ ያህል ፈጠነ።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። የሳይንስ ታሪክ መጻሕፍት ይህን ክፍል በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል፦ ፋርበር ስሕተቱን አይቶ ተቃራኒውን አሰበ፤ ፎሊክ አሲድ ካባባሰ፣ ፎሊክ አሲድን የሚያግድ ነገር ይገታው ይሆናል። ግሩም አስተሳሰብ ነው። ነገር ግን ያ አስተሳሰብ የተመሠረተበት ማስረጃ የልጆች መባስ ነበር። የእነዚያ ልጆች ወላጆች ለኋለኞቹ ምን እንደ ሰጡ ያወቁ አይመስለኝም።

አጋጁን መድኃኒት፣ አሚኖፕተሪንን፣ ያቀረበው በሕንድ ተወልዶ አሜሪካ በሌደርሌ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው የላፕራጋዳ ሱባራው የሚመራው ቡድን ነው። የፋርበር ጽሑፍ በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ሰኔ 3 ቀን 1948 ወጣ። ሱባራው በነሐሴ ዐረፈ። ጽሑፉ መድኃኒቱ ስለ ተሰጣቸው 16 በጽኑ የታመሙ ልጆች ይናገራል፤ ዐሥሩ ተሻላቸው። በርእሱ ላይ «ጊዜያዊ» የሚል ቃል አለ፤ ፋርበር ይህን ቃል ያስቀመጠው ለትሕትና ሳይሆን እውነት ስለ ሆነ ነው። ከልጆቹ አንዱ የሁለት ዓመት መንታ ነበር። በሽታው ጋብ ባለለት ወራት ከጤነኛው ወንድሙ ጋር ደግሞ ተመሳሰለ። ከዚያም አገረሸበት፤ በዚያው በ1948 ሞተ።

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ አንድ ቀን እንዲያስተያዩ እጠይቃቸዋለሁ። በኑረምበርግ የናዚ ሐኪሞች የተፈረደባቸው በነሐሴ 1947 ነው። በሰው ላይ ሙከራ ሲደረግ የሰውየው ፈቃድ የግድ ነው የሚለው ደንብ የተጻፈው በዚያ ፍርድ ውስጥ ነው። የፋርበር ሙከራ የተካሄደው በእነዚያው ወራት ነበር። ሁለቱን አንድ ነው አልልም፤ ፈጽሞ አይደለም። አንዱ የጭካኔ፣ ሁለተኛው የምሕረት ሥራ ነው። ሆኖም ሕፃን ራሱ ፈቃድ መስጠት ስለማይችል፣ ምሕረቱም ቢሆን በሌላ ሰው ቃል ላይ የቆመ ነበር፤ በወላጅ ቃል። ሐኪሙ «እድናለሁ ብላችሁ አትጠብቁ፤ ጥቂት ጊዜ ግን ልናተርፍ እንችላለን» ሲል ወላጁ ምን ይመልሳል? እሺ ካለ ልጁ ለሳምንታት ይወጋል። እምቢ ካለ ልጁ ቤቱ ይሞታል። ድፍረት ካለ እኔ የማየው እዚህ፣ ሁለቱም መልሶች በሚያስጠይቁበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህም እምቢ ያሉትን ወላጆች ፈሪ የሚያደርግ ታሪክ መጻፍ አልፈልግም።

በዚያው በግንቦት 1948 አንድ የሬዲዮ ዝግጅት ከፋርበር ሕሙማን አንዱን ልጅ «ጂሚ» በሚል የይስሙላ ስም ለአሜሪካ ሕዝብ አስተዋወቀ። የቤዝቦል ተጫዋቾች አልጋው ድረስ መጡ፤ ከሁለት መቶ ሺሕ ዶላር በላይም ተዋጣ። ጂሚ የተባለው ኢይናር ጉስታፍሰን የሜይን ገበሬ ልጅ ሲሆን በሽታው ሉኪሚያ ሳይሆን የአንጀት ሊምፎማ ነበር። ሰው ሁሉ ሞቷል ብሎ ሲያስብ ኖሮ፣ ከኀምሳ ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ ራሱን ገለጠ። የጭነት መኪና ሾፌር ሆኖ ልጆች አሳድጎ ነበር። በዘመኑ «ካንሰር» የሚለውን ቃል ጎረቤት እንዳይሰማ ይደበቅ ስለ ነበር፣ ልጁን በውሸት ስምም ቢሆን አደባባይ ማውጣት ቀላል ነገር አልነበረም።

የ1950ዎቹን ዘመን በአንድ አማርኛ ቃል መግለጽ ይቻላል፦ ማገርሸት። ገርትሩድ ኤልየንና ጆርጅ ሂቺንግስ የሠሩት መርካፕቶፕዩሪን በ1953 ተፈቀደ፤ እነርሱም በ1988 የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት መካከል ሆኑ። ነገር ግን እያንዳንዱ አዲስ መድኃኒት የሚሰጠው ወራት ብቻ ነበር። ልጁ ተሽሎት ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ይጫወታል፣ ከዚያም አንድ ጠዋት የበለዘ ነገር ክንዱ ላይ ይታያል። ይህ የሥቃይ ማራዘሚያ ነው ብለው አጥብቀው የተቃወሙ ሐኪሞች ነበሩ፤ ተቃውሟቸውም ከንቱ አልነበረም። ወላጆች በበኩላቸው በዚህ ክርክር ላይ መጽሔት ውስጥ አልጻፉም። እነርሱ የመለሱት ልጁን ይዘው ተመልሰው በመምጣት ነው።

በቤተስዳ በሚገኘው ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ኤሚል ፍሬይና ኤሚል ፍራይራይክ የሚሠሩበት ክፍል ብዙ ደም የሚታይበት ቦታ ነበር። ልጆቹን ይገድል የነበረው ካንሰሩ ብቻ ሳይሆን የማይቆም መድማት ጭምር ነው። ፍራይራይክ የጎደላቸው ፕሌትሌት የተባለው የደም ክፍል መሆኑን አሳየና ከለጋሾች መስጠት ተጀመረ። ይህን ክፍል ከደም ለይቶ በብዛት ለማውጣት ግን መሣሪያ አልነበረም። እዚህ ላይ አንድ አባት ይመጣል። የአይቢኤም መሐንዲስ ነበር፤ ወንድ ልጁ ሉኪሚያ ይዞት ወደዚያ ተቋም ገባ። ሰውየው በሆስፒታሉ መተላለፊያ ተቀምጦ ከማልቀስ ይልቅ፣ ወይም ከማልቀሱ ጋር፣ ከፍራይራይክ ጋር የደም ሕዋሳትን የሚለይ ማሽን መሥራት ያዘ። ማሽኑ በ1960ዎቹ አጋማሽ ሥራ ጀመረ። ዛሬ በየደም ባንኩ የምናያቸው የደም መለያ ማሽኖች ዝርያቸው ከዚያ ይመዘዛል። አስታማሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ብቻ ነው ለሚሉኝ የምጠቅሰው ይህን አባት ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ እነ ፍሬይ አራት መድኃኒቶችን በአንድ ጊዜ መስጠት ጀመሩ። ከአራቱ አንዱ ቪንክሪስቲን ሲሆን የሚገኘው የማዳጋስካር ተወላጅ ከሆነች አበባ ነው። በሽታው ከደም ጠፋ። ከዚያ ልጆቹ ራስ ምታት ይዟቸው ተመለሱ። ሉኪሚያው መድኃኒቱ በወጉ በማይደርስበት በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ዙሪያ ተደብቆ ኖሯል።

የዚህን መደበቂያ በር የዘጋው በሜምፊስ በ1962 የተከፈተው የቅዱስ ይሁዳ የሕፃናት ምርምር ሆስፒታል ነው። መሥራቹ የሊባኖስ ስደተኞች ልጅ የሆነው ኮሜዲያን ዳኒ ቶማስ ነበር። ዘር በሚለይባት በዚያች ከተማ ሆስፒታሉ ጥቁሩንም ነጩንም ልጅ በአንድ ክፍል አስተኛ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ዶናልድ ፒንከል፣ ራሱ በፖሊዮ ተጠቅቶ የነበረ ሰው፣ ዓላማው ጊዜ ማራዘም ሳይሆን መፈወስ እንደ ሆነ በግልጽ ተናገረ። መድኃኒቶቹን አጣምሮ ለረጅም ጊዜ መስጠት፣ በዚያ ላይ መድኃኒት በአከርካሪ መውጋትና ራስ ቅልን በጨረር መምታት፤ ይህ ነበር ዘዴው። በአሥርቱ መጨረሻ ገደማ በተጀመረው አምስተኛ ሙከራ ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ ዳኑ። ከዜሮ ወደ ግማሽ!

ዋጋው በኋላ ታወቀ። ጨረሩ የሕፃናቱን አንጎል ነክቶ ነበር፤ ካደጉት አንዳንዶቹ ትምህርት ከበዳቸው፣ ቁመታቸው አጠረ፣ ሌላ ዕጢ የወጣባቸውም ነበሩ። ዛሬ አብዛኞቹ ልጆች ያለ ጨረር የሚታከሙት የእነዚያ ልጆች ሕይወት ለዐሥርተ ዓመታት በጥንቃቄ ስለ ተመዘገበ ነው። እነርሱ ግን እንደ ማንኛውም ሰው ሥራ ፍለጋ፣ ትዳር፣ ኑሮ ውስጥ ናቸው፤ በየዓመቱ የሚላክላቸውን መጠይቅ የሚሞሉት በምሳ ሰዓታቸው ይሆናል።

አሁን ወደ ዝምታ ልምጣ፤ ለእኛም ቅርብ የሆነ ጉዳይ ነው። ማይራ ብሉቦንድ ላንግነር የተባለች አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት በ1970ዎቹ በአንድ ሆስፒታል ከሉኪሚያ ሕሙማን ሕፃናት ጋር ለወራት ቆይታ በ1978 መጽሐፍ አወጣች። ልጆቹ ከሦስት እስከ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ነበሩ። ማንም ሕመማቸው ገዳይ መሆኑን አልነገራቸውም። ይሁን እንጂ ያውቁ ነበር። የመድኃኒቶቹን ስም ያውቃሉ፣ የትኛው ከመጨረሻው በፊት እንደሚሰጥ ያውቃሉ፣ ክሊኒኩ ውስጥ ያጡትን ጓደኛ ይቈጥራሉ። ወላጆቻቸው እንዳያዝኑ ብለውም የማያውቁ ይመስሉ ነበር። ወላጅ ልጁን ለመጠበቅ ይዋሻል፤ ልጁም ወላጁን ለመጠበቅ ውሸቱን ይቀበላል።

እኛ የመርዶ ሰዎች ነን። ክፉ ወሬ እንዲሁ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሰዓቱ ይመረጣል፣ ሰው በንጋት ይነገረዋል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ጥልቅ የሆነ ርኅራኄ አለ፤ ሰው ለብቻው እንዳይወድቅ የሚደግፍ እጅ ነው። ነገር ግን መርዶ ስለ ሞተ ሰው ነው። ስለ ሕያው ልጅ፣ ለዚያውም ልጁ ራሱ አልጋው ላይ ሆኖ እያዳመጠ፣ መርዶን መደበቅ ሌላ ነገር ነው። አንድ ዘመዴን ላስታምም ሆስፒታል በከረምሁ ጊዜ፣ ከጎናችን የነበረች የሰባት ዓመት ልጅ እናቷ ወጣ ስትል «እማዬ የማላውቅ ይመስላታል» አለችኝ። ምን እንደምታውቅ አልጠየቅኋትም። መጠየቅ ነበረብኝ ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ፤ ወይም ደግሞ አልነበረብኝም።

የቅርቡን ዘመን ቶሎ ልለፈው። በ2012 በፊላደልፊያ፣ ሁለት ጊዜ ያገረሸባት የስድስት ዓመት ሕፃን የራሷ ነጭ የደም ሕዋሳት ከሰውነቷ ወጥተው፣ ካንሰሩን እንዲያጠቁ ተለውጠው ተመለሱላት። ይህ ሕክምና ከእርሷ በፊት ለሌላ ልጅ ተሰጥቶ አያውቅም ነበር። ልትሞት ደርሳ ተረፈች፤ ሕክምናውም በ2017 ተፈቀደ። ወላጆቿ የተጠየቁት ጥያቄ የ1947ቱ ጥያቄ ነበር።

በመድኃኒት ብቻ የማይፈታውን ክፍል ግን ቸኩዬ ላልፈው አልችልም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የፊላደልፊያ ኢግልስ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ፍሬድ ሂል ሕፃን ልጁ ሉኪሚያ ያዛት። እርሱና ሚስቱ ሆስፒታል ወንበር ላይ ሲያድሩ ዙሪያቸውን አዩ፤ ከሩቅ የመጡት ወላጆችም እንዲሁ ነበሩ። ከሐኪም ኦድሪ ኤቫንስ ጋር ሆነው በ1974 ለወላጆች ማረፊያ የሚሆን የመጀመሪያውን የሮናልድ ማክዶናልድ ቤት ከፈቱ። ቤት፣ አልጋ፣ ወጥ ቤት፤ ይህም ሕክምና ነው። በብራዚል ሬሲፊ የሆነው ይህን በቍጥር ያሳያል። በ1980ዎቹ በዚያች ከተማ ከታከሙት ልጆች በመቶ 16ቱ ሕክምናውን ያቋርጡ ነበር፤ ሩቅ ነው፣ ገንዘብ የለም፣ ሌሎች ልጆች ቤት ናቸው። ራሱን የቻለ ክፍል ተቋቁሞ፣ ለቤተሰቡ ማረፊያና መጓጓዣ ሲደረግ፣ የሚያቋርጡት ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። በሽታው ሳያገረሽባቸው አምስት ዓመት የኖሩትም ከመቶ 32 ወደ 63 ከፍ አሉ።

በአገራችን ይህን መንገድ የጀመሩት ባለፈው ሐዘን የተጎዱ ወላጆች ናቸው። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ በ2004 የተመሠረተው በሉኪሚያ በሞተ ሕፃን መታሰቢያ ነው፤ ስሙም የዚያ ሕፃን ስም ነው። ተስፋ አዲስም የወላጆች ማኅበር ነው። ባለፉት ዐሥር ዓመታት ገደማ በጥቁር አንበሳ፣ በጅማ፣ በጎንደርና በመቐለ የሕፃናት ካንሰር ሕክምና ክፍሎች ተቋቁመዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው ዕቅድ በ2030 ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ቢያንስ በመቶ 60ው እንዲድኑ ይሻል። የሉኪሚያ ሕክምና ግን ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል። ከገጠር በሬውን ሸጦ የመጣ አባት ለመጀመሪያው ወር ይበቃዋል፤ ለዐሥረኛውስ? ልጁ ደግሞ ያኔ ድኖ የሚመስልበት ወቅት ነው። ፀጉሩ በቅሏል፣ ይሮጣል። ሕክምናውን ለማቋረጥ የሚገፋፋው ያ መልክ ነው።

ለዚህ ነው የታሪክ ተማሪዎችን አንድ ነገር የምለምናችሁ። የሐኪሞቹ መዝገብ ይቀመጣል፤ የአስታማሚዎቹ ግን አይቀመጥም። ከላይ ባነሣሁት የሆስፒታል ቆይታ አንድ አባት አሳዩኝ የምላችሁ ሰነድ አለ። ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ የተማሪ ደብተር ነው። አባትየው አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቁመዋል። በየገጹ ቀን፣ የመድኃኒቱ ስም ሐኪሙ ሲጠራው እንደ ሰሙት በፊደል፣ የመኪና ሒሳብ፣ ደም የሰጡ ሰዎች ስም፣ ከጎረቤት የተበደሩት ገንዘብ። በአንድ ቀን ትይዩ «ጠበል ሄድን፤ ክኒኑንም አላቋረጥንም» ይላል። በሌላ ቀን «ዛሬ ሳያለቅስ ተወጋ፤ ብስኩት ገዛሁለት»። የሳይንስ መጽሔት የማይጽፈው የሉኪሚያ ታሪክ ይህ ነው። እንዲህ ያሉ ደብተሮች፣ የድምፅ ቃለ መጠይቆችና ፎቶግራፎች በፈቃድ፣ ስም ተሰውሮ፣ በክፍላችን ቢሰበሰቡ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ርእስ ብዙ ነው።

ደብተሩን ፎቶ እንዳነሣ አባትየው ፈቀዱልኝ። ዋናውን ለቤተ መዛግብት ይስጡኝ ብዬ ብለምናቸው ግን እንቢ አሉ። «ልጄ ሲያድግ ስንት ብር እንዳወጣሁበት ይየው» አሉኝ እየሣቁ። (ሳቅ)

 ጥያቄ ያላችሁ ማይክራፎኑ በቀኝ በኩል ነው፤ የምርመራ ውጤት ግን አልቀበልም።